ጀርባው ባዶ የቀረው ፎቶ፦ የአቶ ሙሚን ዓብዱረዛቅ ሕይወት

«ሰው ዕቃ ሲያሸክማችሁ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ።» አባታችን አቶ ዓብዱረዛቅ አቡዘር ይህን ሳይሉ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም። በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ሳሉ፣ አንድ ቀን ውስጡን ሳይጠይቁ ያነሱት ሣጥን የባትሪ አሲድ ይዞ ኖሮ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው አቃጥሏቸው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ እናታችን የቲማቲም ዘንቢል እንኳ ስታቀብላቸው «ምንድን ነው ውስጡ?» ይሏት ነበር። እሷም «ቲማቲም ነው፤ ሌላ ምን ልጭንብህ ኖሯል?» ትላቸውና እንስቅ ነበር።

እኔ የሟች ታላቅ ወንድም ሱፊያን ነኝ። ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። በእኛ ዘንድ ለሟች ዱዓ ይደረግለታል እንጂ ታሪኩ በወረቀት ተጽፎ አይነበብም፤ ሆኖም የአየር ማረፊያ ባልደረቦቹ፣ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም፣ በአንድ አፍ ስለጠየቁኝ፣ ደግሞም እሱ ራሱ በሰው ፊት እንዲነገርለት ያዘዘኝ ነገር ስላለ፣ ከኢማማችን ፈቃድ ጠይቄ በዚህ በሦስተኛው ቀን አነባለሁ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በአንቱታ ነው የሚጻፈው ብለውኛል። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት አፌ አልለመደውም፤ ነገር ግን ሞት ከእኔ አስቀድሞ ታላቅ አድርጎታልና ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ።

አቶ ሙሚን ዓብዱረዛቅ ከአባታቸው ከአቶ ዓብዱረዛቅ አቡዘርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዳድ ኢብራሂም በ1957 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ መጋላ ሰፈር ተወለዱ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታችን በጅቡቲ ወደብ ሥራ በማግኘታቸው ቤተሰባችን ጓዙን ጠቅልሎ በባቡር ወረደ፤ መጀመሪያ በካርቲየ 3 ሰፈር በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ተቀመጥን፤ ኋላም አርሂባ የሚባለው ሰፈር ሲሠራ ክፍል ደርሶን፣ ዛሬ እናንተ የተቀመጣችሁበት ይህ ቤት ቤታችን ሆነ። ወንድሜ በሰፈራችን መድረሳ ቁርአን ቀሩ፤ ከዚያም በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ተማሩ። እኔ ትምህርቴን ትቼ ከአባታችን ጋር ጆንያ ስሸከም እሳቸው ደብተር ይሸከሙ ነበር፤ ይህን የምለው ቅር ብሎኝ አይደለም፤ ከሁለታችን አንዳችን መማር ስለነበረብን ነው። እስከ ሞታቸውም ድረስ የሚመጣልኝን ወረቀት ሁሉ የሚያነቡልኝ እሳቸው ነበሩ። ይህን ወረቀት ግን ብቻዬን ጻፍኩት።

በዚያን ዘመን ጫት ከድሬ የሚመጣው ዳኮታ በሚባለው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ነበር። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ጆሮውን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ሰዉ ጫቱን ሲጠብቅ ወንድሜ አውሮፕላኑን ይጠብቁ ነበር። በዘጠኝ ዓመታቸው ከሰርዲን ቆርቆሮ የሠሩት የመጀመሪያው አውሮፕላን አንዱ ክንፍ ከሌላው ይረዝም ስለነበር፣ አባታችን አገላብጠው አይተው «ይህ ሲዞር ነው የሚውለው፤ ድሬ አይደርስም» አሏቸው። ወንድሜ አልተቀየሙም፤ ረጅሙን ክንፍ በመቀስ ቆርጠው እኩል አደረጉት።

በ1975 ዓ.ም. እዚሁ ጅቡቲ በአምቡሊ አየር ማረፊያ በጭነት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ ጡረታቸው ሦስት ወር ሲቀረው አላህ እስከወሰዳቸው ድረስ አርባ ሁለት ዓመት በአንድ ሥራ ላይ ቆዩ። ሥራቸው ማውረድና መጫን ነበር፤ ልባቸው ግን ከሚያወርዱት ዕቃ ይልቅ ዕቃውን ባመጣው ላይ ነበር። በአየር ማረፊያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ የስንት አገር ወታደር ያለበት ከተማ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አውሮፕላኑን በዓይናቸው ይዘው ነበር የሚወጡት፤ ሻንጣ እያወረዱ መስኮቱን ይቆጥራሉ፤ ከክንፉ ሥር ሲያልፉ እርምጃቸውን ይቆጥራሉ፤ ቤት ሲገቡም ጫማቸውን ሳያወልቁ በካርቶን ላይ ይጽፉታል። ልካቸው አንድ እርምጃ በአንድ ጣት ስፋት ነበር። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ እርምጃ የሆነ አውሮፕላን በእሳቸው እጅ ሠላሳ ጣት ይሆናል።

እንጨቱ የፖም ሣጥን፣ ቆርቆሮው የድልህ ጣሳ፣ ቀለሙ ደግሞ ወደብ ላይ ጀልባ የሚቀቡ ሰዎች ያስተረፉት ነበር። ለመስኮት የሚሆን ስስ ነገር ስላልተገኘ፣ ያረጀ የራጅ ፊልም በበረኪና አጥበው ሲጠራ ይቆርጡት ነበርና፣ ጎረቤት ሁሉ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ፊልሙን ይዞላቸው ይመጣ ጀመር። አንዱ ፊልም በደንብ ሳይጠራ ቀርቶ በአውሮፕላኑ መስኮት ላይ የሰው ጎድን አጥንት ቢታይ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጀዋሪያ «ሙሚን፣ በዚህኛው የተሳፈረው ሰውዬ በጣም ከስቷል» አሏቸው፤ ወሬው እስከ ገበያ ደርሶ ለብዙ ጊዜ ተሳቀበት።

ወይዘሮ ጀዋሪያን ያገቡት በ1983 ዓ.ም. ነው። ቤተሰቦቻቸው ከሐረር መጥተው በካርቲየ 4 ጨርቅ የሚነግዱ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። በኒካሑ ዕለት የሙሽራዋ አባት ልጃቸው አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ልታገባ ነው ተብለው መሐንዲስ ጠብቀው እንደነበር ዛሬ ብናገረው አይቆጡኝም። ሁለት ልጆች፣ ነጅማንና ሙጠሊብን ወለዱ። የሳህን መደርደሪያው ቀስ በቀስ በአውሮፕላን ስለተሞላ ወይዘሮ ጀዋሪያ «እንግዳ መጥቶብኝ ሳህን አቀብለኝ ስለው ክንፍ ያቀብለኛል» እያሉ ለእናታችን ይከሱ ነበር፤ ሆኖም በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንዱንም አልጣሉባቸውም፣ አንዱንም አልሰበሩባቸውም።

ፎቶ ማንሳት የተማሩት በካርቲየ 3 ፎቶ ቤት ከነበራቸው ከአቶ ሩፋኤል ነው። አቶ ሩፋኤል የድሬ ሰው፣ ካቶሊክ፣ ቀልድ የማያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። ወንድሜ አገሩ ሊገባ ከተነሳ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር አሮጌ ካሜራ ገዝተው፣ የሠሩትን አውሮፕላን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አንስተው ቢያሳዩዋቸው፣ አቶ ሩፋኤል «ይህ አሻንጉሊት ነው» አሏቸው። «ቆመህ ወደ ታች ስላየኸው ነው። ሌንሱን ከመንኮራኩሩ እኩል አውርደው፣ አንተም መሬት ተኛ። ሰው አውሮፕላንን ከላይ አያየውም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ መሬት ላይ እየተኙ ያነሱ ነበር። የአርብ ልብሳቸው ክርን ሁልጊዜ የተበላ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የእኔን ድርሻ እናገራለሁ። ነፍስ ያለው ነገር በፎቶ አይነሳ እያልኩ ወንድሜን ስቆጣ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ቃሌን አክብረው ለብዙ ዓመት አውሮፕላን ብቻ አነሱ። ነገር ግን ሐረር ያለችው አክስታችን በተላከ ሰው ሁሉ «እናንተ ባሕር ዳር ተቀምጣችሁ አንድ ቀን አውሮፕላን ላይ ሳትወጡ ልትሞቱ ነው» እያለች ስለምታሾፍብን፣ በ1998 ዓ.ም. «እስቲ እኔን አውሮፕላን ላይ አውጣኝ» ያልኳቸው እኔው ነኝ። ወንድሜም ሲያስቡበት ሰንብተው በሚቀጥለው አርብ ዘዴውን አገኙት።

ዘዴው እንዲህ ነው። ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት አሸዋው ላይ በርሜል ያቆማሉ፤ በበርሜሉ ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የብርጭቆ ወረቀት እንደ አስፋልት ያነጥፋሉ፤ አውሮፕላኑን እዚያ ላይ አቁመው ካሜራውን ከመንኮራኩሩ እኩል ያወርዳሉ። የሚነሳው ሰው ሃምሳ እርምጃ ርቆ በሣጥን ላይ ይቆማል። በካሜራው ውስጥ ሲታይ ሃምሳው እርምጃ ይጠፋና ሰውየው የአውሮፕላኑን ደረጃ ሊጨርስ አንድ እግር የቀረው ይመስላል። እኔም ጥቁር መነጽር አድርጌ እጄን አውለበለብኩ። አክስታችን ፎቶውን በሦስት ሠርግ ላይ አዞረችው። እኔም ሳቅሁ፤ ለገበያውም ሁሉ አወራሁ፤ ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ከባሕሩ ዳር ሰው ይሰለፍ ጀመር። በሰው ቤት ተቀምጠው የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች የዕረፍት ቀናቸው እሱ ስለሆነ የሚበዙት እነሱ ነበሩ። ወንድሜ በነፃ ነበር የሚያነሱት።

ልቤ ስላልተረጋጋ አንድ ነገር አስጠነቀቅኋቸው፤ ሰው እንዳይታለል ከፎቶው ጀርባ እውነቱን ጻፍ አልኳቸው። ወንድሜም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ በእርሳስ «ይህ አውሮፕላን ከእንጨት የተሠራ ነው» ብለው ሳይጽፉ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አደረጉ። አንድ ጊዜ ብቻ አልጻፉም።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሰብሪና የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ መጣች። ከድሬ መጥታ በውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀምጣ የምትሠራ ነበረች። ወንድሜ በርሜሉን አቁመው «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያሉ ከሩቅ ሲጮኹላት አልሰማ ብሏት ወደ ቀኝ ስትሄድ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ እሷ ሲራመዱ እርጥቡ ጭቃ አዳልጧቸው በቂጣቸው ተቀመጡ። ልጅቷም አፏን ከፍታ ሳቀች። ካሜራው በሰዓት ቆጣሪው ተሞልቶ ኖሮ በዚያው ቅጽበት አነሳት። ፎቶው የወጣው እንዲያ ስትስቅ ነው።

በሳምንቱ ልትወስደው ስትመጣ «ጋሼ፣ የኔን ጀርባውን ባዶ ተወው» አለቻቸው። «እናቴ በባሕር እንዳልሄድ በቁርአን አስምላኛለች። ይህን ካየች ትተኛለች።» ወንድሜ «ቲኬት አለሽ?» ብለው ጠየቋት። «ይኖራል ኢንሻ አላህ» አለቻቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ፎቶውን ጀርባው ባዶ እንደሆነ ሰጧት።

ሰብሪና በዚያው ወር በኦቦክ ጠረፍ በኩል ወደ የመን በጀልባ ሄደች። ይህን ለወንድሜ የነገራቸው በምትሠራበት ቤት ዘበኛ የነበረው ጫላ ነው። አብረው ነበር የሄዱት፤ እሱ የተሳፈረባት ጀልባ ሞተሯ እንቢ ብሎ ወደ ኋላ ስትመለስ፣ እሷ ያለችበት ግን ዓይኑ እያየ በማዕበል ተገለበጠች። ከውሃው የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሪና ከነሱ ውስጥ አልነበረችም። ጫላ የእናቷን አድራሻ አያውቅም ነበር፤ ለወንድሜ ነግሮ ወደ አገሩ ገባ። ወንድሜም ለማንም አልተናገሩም። እኔ በየቀኑ አምስት ሰላት ከጎናቸው እየሰገድኩ ይህን አላወቅሁም።

በ2015 ዓ.ም. አንዲት እናት በአየር ማረፊያው የመድረሻ በር ላይ መቆም ጀመሩ። ልጃቸው የላከችላቸውን በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ ይዘው፣ የጭነት ሠራተኞቹ ለዕረፍት ሲወጡ እየጠበቁ «ይህን አውሮፕላን የምታውቁት አላችሁ? ወዴት አገር ነው የሚሄደው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። አውሮፕላኑ ከታወቀ ልጃቸው የሄደችበት አገርም ይታወቃል ብለው ነው። ሠራተኞቹም ፎቶውን እየተቀባበሉ አንዱ ይህ ዓይነት ዛሬ የለም ሲል፣ ሌላው ወደ ሱዳን ነው የሚሄደው ሲል፣ ለወንድሜ ደረሳቸው። ወንድሜ መስኮቱን ቆጠሩ፤ ሰባት ነው። እውነተኛው ስድስት ነው ያለው፤ እሳቸው ሲሠሩት ተሳስተው አንድ ጨምረው ነበር። የራሳቸውን ስሕተት በሴትዮዋ እጅ አገኙት።

እናቲቱ ወይዘሮ ኻሊዳ ይባላሉ። ልጃቸውን ፍለጋ ከድሬ መጥተው በካርቲየ 4 በአንድ ምግብ ቤት ድስት እያጠቡ ይኖራሉ። ያን ፎቶ አምነው በሦስት አገር ቆንስላዎች በር ላይ ተሰልፈዋል፤ በየአረብ አገሩ ላለ ሰው ሁሉ ስሟን ልከዋል። በባሕር ስለሄዱት ሰዎች ግን ማንንም አልጠየቁም፤ ልጃቸው በአውሮፕላን እንደሄደች በዓይናቸው አይተዋልና። ወንድሜ ያን ቀን ገብተው አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥተው ሰጧቸውና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ኻሊዳ አርብ አርብ ሲመጡ ወንድሜ ውሃውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልነግራት ነው ብለው እየወጡ ውሃ ሰጥተው ይመለሱ ነበር።

አውሮፕላን መሥራትም ፎቶውን ባዩበት ሳምንት ተዉ። ክንፎቹን እየነቀሉ በካርቶን አስገብተው ከአልጋ ሥር አደረጓቸው፤ ካሜራውን ለነጅማ ሰጡ። ወይዘሮ ጀዋሪያ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ቢያዩት «ሙሚን፣ ምን ሆነሃል? ለሳህን ቦታ ልቀቅ ማለቴ አልነበረም እኮ» አሏቸው። እኔ ግን ቁጣዬ በስተርጅና ደርሶ የሠራ መስሎኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር። ይህንም ጽፌዋለሁ።

ስኳር በሽታው ለረጅም ዓመት አብሯቸው የነበረ ሲሆን፣ ባለፈው ክረምት ኩላሊታቸውን ያዘው። ከጥቅምት ወር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ደማቸው በመሣሪያ ይታጠብ ነበር። ልጃቸው ሙጠሊብ ሥራውን አስፈቅዶ ሲያመላልሳቸው፣ ነጅማ ምግባቸውን በልክ እየሠራች ስታስታምማቸው፣ ሐኪሞቹም የሚችሉትን ሁሉ ሲያደርጉላቸው ቆይተዋል፤ ለሁሉም አላህ ይክፈልልን። ሰኞ ዕለት ሌላውን ሰው አስወጥተው እኔን ብቻ አስቀሩኝና፣ አሁን ያነበብኩላችሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ። «ቲኬት አለሽ ብዬ ጠየቅኳት፤ በምን ልትሄጂ ነው ብዬ ግን አልጠየቅኳትም» አሉኝ። «ኦቦክ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።» ከዚያም «ከመቀበሬ በፊት ለእናቷ ንገራት። አውፍ ካለችኝ እሰየው፤ ካላለችኝም በሰው ፊት ንገረው፤ ተሸሽጎ አብሮኝ እንዳይገባ» አሉኝ።  እኔም እሺ አልኳቸው።

አቶ ሙሚን ዓብዱረዛቅ ሐሙስ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ጥቂት ቀደም ብሎ በስድሳ ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ።

አርብ ጠዋት ታጥበው ተከፍነው የጁምዓን ሰላት ሲጠብቁ፣ እኔ ወደ ካርቲየ 4 ሄድኩ። ምግብ ቤቱን ጠይቄ በጓሮ በር ገባሁ። ወይዘሮ ኻሊዳን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። አጭር፣ እጃቸው እስከ ክርን አረፋ የሆነ ሴት ናቸው። ስሜንና የማን ወንድም እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ቀጥሎ አውሮፕላኑን፣ ቀጥሎ በርሜሉን፣ ቀጥሎ ጫላ ያየውን ነገርኳቸው። በምን ቃል እንደነገርኳቸው አሁን አላስታውስም። ቧንቧው ክፍት ነበር፤ ውሃው ሲፈስ አስታውሳለሁ።

ወይዘሮ ኻሊዳ የያዙትን ድስት አጥበው ጨርሰው ደፉት። እጃቸውን በቀሚሳቸው አድርቀው ፎቶውን ከጡታቸው ሥር አወጡና ጀርባውን ገልብጠው አዩት። «እዚህ ላይ ነበር የሚጽፈው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። የቀረውን ልጽፍበት እርሳስ ይዤ ሄጄ ነበርና አወጣሁት። «እሱን ተወው» አሉኝ። «እሷ ባዶ ተወው ካለች ባዶ ይሁን።» የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ አንተ ሲሉኝ እናታችን የምትናገረኝ መሰለኝ።

ከዚያ ፊቱን አገላብጠው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና «ምንድን ነው እንዲህ ያሳቃት?» ብለው ጠየቁኝ። ወንድሜ ጭቃ ላይ መውደቃቸውን ነገርኳቸው። «በቂጡ?» አሉኝ። በቂጡ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶውንም ወደ ነበረበት መለሱት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት ብዬ፣ አውፍታውን ጠየቅኋቸው። መልሳቸውን ሰጡኝ፤ ደግሞም «በሰው ፊት ስታነብ የኔን ቃል መጨረሻ ላይ አድርገው» ስላሉኝ እንዳሉት አድርጌያለሁ። ለጁምዓ ደረስኩ፤ ኢማሙም በጀናዛው ፊት እንደ ደንቡ በሟች ላይ ያልተከፈለው ሐቅ ያለው ሰው አለ ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ማንም አልተናገረም። እኔ ግን የነበረባቸውን ሐቅ አውቅ ነበር፤ ምን እንደተመለሰልንም አውቅ ነበር።

አቶ ሙሚን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጀዋሪያ፣ ከልጆቻቸው ከነጅማና ከሙጠሊብ፣ ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ከእኔ ከወንድማቸው፣ አርባ ሁለት ዓመት አብረዋቸው ከሠሩ ባልደረቦቻቸው ተለይተዋል። ከአልጋ ሥር ያሉት አሥራ ዘጠኝ አውሮፕላኖች ለልጅ ልጆቻቸው ይሁኑ ብለናል፤ ባለ ሰባት መስኮቱ ግን ወይዘሮ ኻሊዳ እስኪወስኑ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ወይዘሮ ኻሊዳ ዛሬ እዚህ የሉም፤ የልጃቸውን ለቅሶ ተቀምጠዋል። እስከ ትናንት አልቃሽ አልነበራትም። ከዚህ ስንነሳ ሴቶቻችን ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ወንዶቹም እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ፤ የአንድ ቤት ሐዘን ነው።

ያ ረቢ፣ ወንድሜ ያጠፋውን አንተ ከእኛ በላይ ታውቀዋለህ፤ ያፈረበትንም ታውቀዋለህ። ቀብሩን አስፋለት፤ ጥያቄውን አቅልልለት። ሰብሪናን፣ ቀብር ያላገኘችውን ባሪያህን፣ በውሃ የሞተ ሸሂድ፣ ሰማዕት ነው ብለው ዑለማዎቻችን ያስተማሩንን ተስፋ አድርገን ለአንተ አደራ እንሰጣለን። ለእናቷ ሰብርና ጽናት ስጣት። እኔንም ለሳቅ ብዬ ላወራሁት ነገር አውፍ በለኝ። አሚን በሉ።

እንግዲህ ወይዘሮ ኻሊዳ የነገሩኝ ቃል ይህ ነው፤ አንድም አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም።

«ጻፈው። ኻሊዳ አውፍ ብላዋለች በል። ነገ ሐዘኑ ሲገባኝ ሌላ ነገር ብናገር እንዳትሰማኝ፤ የዛሬውን ያዝልኝ።»